ዝምተኛው ቀለበት
በሞተ ሰው ላይ በሐሰት መመስከር ይቻላልን?

ስምንተኛው የእግዚአብሔር ትእዛዝ በባልንጀራችን ላይ የሐሰት ምስክርነት እንዳንሰጥ ይከለክለናል። ይህን ትእዛዝ ለሕፃናት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ጎረቤታችን፣ የሥራ ባልደረባችን ወይም በፍርድ ቤት የቆመ ተከሳሽ ነው፤ ይኸውም በሕይወት ያለው፣ ስሙ ሲጠፋ የሚያዝነው፣ ሲበደል አቤት የሚለው ሰው ነው። ከሞተ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ ስሙም መቃብሩም የማይታወቀው ሰውስ ባልንጀራችን ነውን? ስለ እርሱ የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ብንናገር በደል ይሆናልን? ወይስ ማንንም የማይጎዳ ግምት ብቻ ነው?

ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በሀገራችን ከመሬት የወጣ አንድ ትንሽ ቀለበት እውነተኛና ከባድ ጥያቄ አድርጎ በፊታችን አቅርቦታል። በተለይ ስለ እምነታችን ታሪክ ለሌሎች የመናገር አደራ የተሰጠን ሁሉ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል።

ከኮረብታው የወጣው ነገር

በትግራይ፣ በጥንታዊው የይሓ ቤተ መቅደስ አካባቢ፣ ከይሓ በሰሜን ምሥራቅ 6.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዕዳጋ ረቡዕ መንደር አጠገብ አንድ ኮረብታ አለ። የአካባቢው ሰዎች ኮረብታው ታላቅ ስፍራ እንደ ነበር ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን የሚያስታውስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች የነዋሪዎቹን ቃል ተከትለው ስፍራውን መረመሩት። ከ2011 እስከ 2016 ድረስም በአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር በማይክል ሃሮወር መሪነት ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ቁፋሮ አካሄዱበት። የሥራው ውጤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በታወቀ የሥነ ቅርስ መጽሔት ታተመ። ኮረብታው የተፈጥሮ ጉብታ ብቻ ሳይሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከስምንተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ድረስ ሰው የኖረበት ከተማ ፍርስራሽ ሆኖ ተገኘ።

ስፍራው ቤተ ሰማዕቲ ይባላል፤ ተመራማሪዎቹም ስሙን ከትግርኛ «የችሎት ቤት» በሚል ትርጉም ተርጉመውታል። ቃሉ «ሰማ» ከሚለው ሥር የመጣ ነው። በግዕዝ ከዚሁ ሥር «ሰማዕት» የሚለው ስም ይወጣል፤ ትርጉሙም ምስክር ማለት ነው። መስማትና መመስከር በቋንቋችን ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በፍርስራሹ ውስጥ 18 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባዚሊካ ተገኝቷል። አሠራሩ የአራተኛው መቶ ዓመት ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ከላከበት ዘመን እጅግ የራቀ አይደለም። በዚያው ስፍራ መስቀሎች፣ የእንስሳት ምስሎች፣ ማኅተሞችና ለንግድ ሥራ ያገለገሉ የሚመስሉ ትናንሽ ምልክቶች ወጥተዋል። ክርስቶስ ቸርነቱን እንዲያሳይ የሚለምን የድንጋይ ላይ ጽሑፍም ተገኝቷል። ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ አንድ የአንገት ጌጥ ደግሞ መስቀልና «የተከበረ» የሚል ትርጉም ያለው የግዕዝ ቃል ተቀርጾበታል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል የብዙዎችን ዓይን የሳበው ግን ቀለበቱ ነው። ወርቅ ነው፤ ፈርጡ ቀይ የከበረ ድንጋይ ሲሆን በመጽሐፍ ቅዱስ ሰርድዮን ተብሎ ከሚታወቀው የድንጋይ ዓይነት ነው። በፈርጡ ላይ ወደ ውስጥ ተቆፍሮ የተቀረጸው የበሬ ራስ ነው፤ ከሥሩም የወይን ሐረግ ወይም የአበባ ጉንጉን የሚመስል ነገር አለ። የቀለበቱ አሠራር የሮማውያንን ይመስላል፤ የበሬው አቀራረጽ ግን ከሮማውያን ልማድ የተለየ ነው። ስም የለበትም፤ መስቀልም የለበትም። ምንም አይናገርም።

ነገርና ምልክት

ቅዱስ አውጎስጢኖስ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ ነገርንና ምልክትን ይለያል። ምልክት ማለት ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላ ነገር ወደ ሐሳባችን እንዲመጣ የሚያደርግ ነገር ነው። ምልክትም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለ ማንም ፈቃድ ይናገራል፤ ጢስ እሳት መኖሩን፣ ዱካ እንስሳ ማለፉን እንደሚያመለክት ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ለሰው የሚሰጠው ነው፤ ቃል፣ ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ማኅተም እንደዚህ ናቸው። የመጀመሪያውን ለማወቅ ተፈጥሮን መመልከት ይበቃል። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን የሰጪውን ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀለበቱ ሁለቱንም ነው። እንደ ጢስ ሆኖ ብዙ ነገር ይነግረናል፦ ወርቅ የሚገዛ ባለጸጋ በዚያ እንደ ነበረ፣ ድንጋይ ቀራጭ የሰለጠነ እጅ እንደ ነበረው፣ የከተማዪቱ ሰዎች ከባሕር ማዶ ጋር የሚያገናኝ ጎዳና እንደ ነበራቸው። ስለዚህ ሁሉ ያለ ፍርሃት መናገር እንችላለን። የበሬው ራስ ግን በሰው ፈቃድ የተሰጠ ምልክት ነው፤ ሰጪው ደግሞ ዝም ብሏል። ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዝም ባለ ሰው ፊት የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ የሌላው ድምፅ አድርጎ መስማት ይቀለዋልና።

ሦስት የችኮላ ንባቦች

የመጀመሪያው የችኮላ ንባብ «ባለቤቱ አረመኔ ነበር» የሚለው ነው። ምክንያት የለውም አይባልም። በይሓ ቤተ መቅደስ ይመለክ የነበረው አልመቃህ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ማዶ በደቡብ ዓረብ የበሬ ምስል ከዚህ አምልኮ ጋር የተያያዘ ነበር። ይሁን እንጂ በሬ በሀገራችን ከጣዖት በፊትም ከጣዖት በኋላም የነበረ፣ ያለም ነው። አርሶ ያበላናል፤ የሀብት መለኪያ ነው፤ የበዓል ደስታ ነው። የበሬ ምስል ያለው ሁሉ በሬን ያመልካል ብንል፣ ከገበሬ ቤት አንዱም አያመልጠን!

ሁለተኛው የችኮላ ንባብ «ባለቤቱ ክርስቲያን ነበር» የሚለው ነው። ይህም ቢሆን ምክንያት አለው። ባዚሊካው፣ መስቀሎቹና ክርስቶስን የሚለምነው ጽሑፍ በዚያው ስፍራ ናቸው። ትንሽ ስብከት የለመደ ሰው ደግሞ ወዲያው ይጨምርበታል፦ በሬ የወንጌላዊው ሉቃስ ምልክት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሐረግ ጌታችን ራሱን የመሰለበት የወይን ግንድ ነው፤ እንግዲህ ቀለበቱ የአንድ ካህን ነው ይላል። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ሐረጉ የወይን መሆኑ እንኳ አልተረጋገጠም፤ ሰው ካህን መሆኑን በበሬ ራስ ማወቅም አይቻልም።

ሦስተኛው ንባብ የተማሩ ሰዎች የሚወዱት ነው፦ «ባለቤቱ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይዞ ነበር፤ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ አረመኔ ነበር» ይላል። ይህ ንባብ መካከለኛ ስለሆነ ጥንቃቄ የተሞላበት ይመስላል። በእውነቱ ግን ከሁለቱ የበለጠ ድፍረት አለው፤ በማይታወቅ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ እምነቱን በሚዛን አካፍሏልና።

በዚያ ዘመን የነበረ ክርስቲያን ስለ ቀለበት ምን ያስብ እንደ ነበር በጥቂቱ ማወቅ እንችላለን። ከሦስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ አካባቢ የኖረው ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ክርስቲያኖች ለማኅተም ቀለበታቸው ምን ዓይነት ምስል ይምረጡ የሚለውን ጥያቄ በጽሑፉ አንሥቷል። ርግብ፣ ዓሣ፣ መርከብ፣ በገና፣ መልሕቅ የመሳሰሉትን ፈቅዷል፤ የጣዖትን ፊት፣ ሰይፍንና ቀስትን፣ የመጠጥ ዋንጫን ከልክሏል። ከዚህ ምክር አንድ ነገር እንማራለን። ክርስቲያኑ ቀለበቱን የሚገዛው ሁሉ ከሚገዛበት ገበያ ነበር፤ መርከቧም ለነጋዴው መርከብ፣ ለክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ያው አንድ ምስል በሁለት ጣቶች ላይ ሁለት ነገር ይናገር ነበር።

የንጉሥ ዔዛና ጽሑፎችም ይህንኑ ያስተምሩናል። ከክርስትናው በኋላ ካስቀረጻቸው አንዱ በግዕዝ የተጻፈ ሲሆን ድሉን የሰማይ ጌታ እንደ ሰጠው ይናገራል፤ የክርስቶስን ስም ግን አይጠራም። በዚህ የተነሣ ንጉሡ በእርግጥ ክርስቲያን ነበርን ብለው የጠየቁ ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአክሱም በግሪክኛ የተጻፈ ሌላ ጽሑፍ ተገኘ፤ በዚያ ላይ ንጉሡ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያለውን እምነት በግልጽ አስፍሯል። የአንዱ ድንጋይ ዝምታ ክህደት አልነበረም። ሁለተኛው ድንጋይ ባይገኝ ኖሮ ግን ዝምታውን ክህደት አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም ነበር።

ማርትሬዛ በቦሌ

ነገሩን ወደ ራሳችን ደጅ እናቅርበው። ዛሬ በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ለሕንፃ መሠረት ጉድጓድ የማይቆፈርበት ጊዜ የለም። ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በዚሁ ስፍራ ሲቆፍር ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት አንድ የብር ገንዘብ አገኘ እንበል። በላዩ የአንዲት ሴት ምስል አለ፤ ዓመቱም 1780 ይላል። ተመራማሪው ቸኩሎ እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ? «በ1780 በዚህ ስፍራ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በአንዲት የአውሮፓ ንግሥት ሥር ይተዳደሩ ነበር፤ ምስሏንም በአንገታቸው አሥረው ያመልኳት ነበር።»

እኛ ስንሰማው እንሥቃለን። ገንዘቡ እናቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚሉት ነው። የኦስትሪያዪቱ ማርያ ተሬዛ የሞተችበት ዓመት ሳይለወጥ ተጽፎበት ከእርሷ ሞት በኋላ ለብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል። ሀገራችን የተገበያየችበት ለብሩ ጥራት ነው እንጂ ለንግሥቲቱ ክብር አይደለም። አንጥረኞች እያቀለጡ መስቀልና አምባር ሠርተውበታል፤ ሴቶችም ለጌጥ በአንገታቸው አንጠልጥለውታል። ተመራማሪው ያየው ሁሉ እውነት ነው፦ ምስሉም፣ ዓመቱም፣ ማንጠልጠያውም። ሆኖም በዘመኑ፣ በመንግሥቱና በሃይማኖቱ ሦስት ጊዜ ተሳስቷል።

ከዚህ የሚብስም አለ። ያችን ማርትሬዛ ያጠለቀችው ሴት በዚያው አንገቷ ላይ የጥጥ ማተብ አሥራ ነበር። የክርስትናዋ ምልክት ብሩ ሳይሆን ክሩ ነበር። ክር ግን በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። መሬት የሚጠብቀው የከበረውን ማዕድን እንጂ የከበረውን ነገር አይደለም። እንግዲህ የበሬ ራስ ያለበትን ቀለበት ያጠለቀው ሰው በአንገቱ ምን አሥሮ እንደ ነበር ማን ሊናገር ይችላል?

ሁለት ማኅተሞች

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ማኅተም ከሚነግረን ታሪኮች ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ትዕማር በእሳት እንድትቃጠል ተፈርዶባት ሳለ የይሁዳን ማኅተምና በትር አውጥታ የማን እንደ ሆኑ እንዲለይ ወደ እርሱ ትልካለች። ይሁዳም የራሱ መሆናቸውን ያምናል፤ እርሷም ትድናለች። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ደግሞ ኤልዛቤል ደብዳቤ ጽፋ በንጉሥ አክዓብ ማኅተም ታትማለች፤ በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች በናቡቴ ላይ ይቆማሉ፤ ናቡቴም ተወግሮ ይሞታል፤ የወይን ቦታውም ይወሰዳል።

ሁለቱም ማኅተሞች እውነተኛ ነበሩ። በአንደኛው እውነት ወጣ፤ በሌላው ሐሰት ነገሠ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትዕማር ማኅተሙን ወደ ባለቤቱ መለሰችው፤ ባለቤቱም ራሱ እንዲናገር ጠየቀችው። ኤልዛቤል ግን የሌላውን ማኅተም ለራሷ ሐሳብ ተጠቀመችበት። ያለፈውን ዘመን ዕቃ በእጁ የያዘ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ሴቶች አንዲቱን ይመስላል። ዕቃውን ወደ ባለቤቱ፣ ማለት ወደ ዘመኑ፣ ወደ ስፍራውና አብረውት ወደ ተገኙት ነገሮች መልሶ ሊያናግረው ይችላል። ወይም የራሱን ደብዳቤ ጽፎ በሙታን ማኅተም ሊያትመው ይችላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እናገኛለን። ሟች ባልንጀራችን ነው። እንዲያውም ራሱን መከላከል የማይችል ባልንጀራ በመሆኑ ጥንቃቄው ይበልጥ ይገባዋል። ናቡቴ ቢያንስ በሸንጎ ተቀምጦ ከሳሾቹን አይቷል፤ የቀለበቱ ባለቤት ግን በሌለበት የሚከሰስ፣ በሌለበት የሚፈረድበት ሰው ነው። የኦሪት ሕግ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ነገር እንዳይጸና ማዘዙም እዚህ ላይ ይሠራል። የድንጋዩ የአንገት ጌጥ በራሱ ላይ መስቀልና ቃል ስላለው የክርስቲያን እጅ ሥራ ነው ብንል ሁለት ምስክር አለን። ስለ ቀለበቱ ባለቤት እምነት ግን ምስክር ተብሎ የቀረበው የእኛው ምኞት ነው።

«ለእምነታችን የሚጠቅም ከሆነስ?»

በዚህ ላይ አንድ ቅን ተቃውሞ ይነሣል። «ሕፃናት በሀገራቸው ክርስትና እንዲኮሩ ብንፈልግ፣ ቀለበቱም የጥንት ክርስቲያን ነው ብንላቸው ማን ይጎዳል? ለበጎ አይደለምን?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ፍቅር እንጂ ክፋት የላቸውም።

ነገር ግን ኢዮብ ወዳጆቹን የገሠጸው ስለ እግዚአብሔር ብለው ሐሰት በመናገራቸው ነበር። ቅዱስ አውጎስጢኖስም ስለ ውሸት በጻፈው ድርሰት ስምንት ዓይነት ውሸቶችን ሲቆጥር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው ከባድ ውሸት በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ የሚነገረው መሆኑን አስተምሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስለ ቀለበት ያልነው ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ያመነን ልጅ ስለ ትንሣኤ የነገርነውን እንዴት ይመነን? በአንድ አፍ ግምትንና እምነትን በእኩል ድምፅ የሚናገር መምህር እምነቱን ወደ ግምት ያወርደዋል።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ድጋፍ አያስፈልጋትም። የበሬ ምስል አረማዊ ምንጭ ቢኖረው እንኳ ምን እናጣለን? እ.ኤ.አ. በ601 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ለነበረው ለሜሊጦስ በጻፉት ደብዳቤ የአሕዛብ ቤተ መቅደሶች እንዳይፈርሱ፣ ጣዖታቱ ብቻ ተወግደው ቤቶቹ በጸበል ተረጭተው ለእውነተኛው አምላክ እንዲሆኑ መክረዋል። ለአጋንንት ይሠዉ የነበሩትን በሬዎች እንኳ ሕዝቡ በበዓል ቀን አርዶ እግዚአብሔርን እያመሰገነ እንዲበላ ፈቅደዋል። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ቤተ ክርስቲያን በሌሎች ሃይማኖቶች ዘንድ ካለው እውነተኛና ቅዱስ ነገር አንዱን እንኳ እንደማትጥል አስተምሯል። ወንጌል ወደ ባዶ ምድር አልመጣም። ሰው ወደሚያርስበት፣ ወደሚነግድበት፣ ወደሚያመልክበት ምድር መጣ። ይህን መካድ ለወንጌል መቆም አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ በግራ በኩል ይመጣል፦ «እንግዲያው ምንም አንበል፤ ዝም እንበል» ይላል። ይህም ልክ አይደለም። የሰማነውን አለመመስከርም ያልሰማነውን እንደ መመስከር ምስክርነትን ማጓደል ነው። ስለ ቤተ ሰማዕቲ የምናውቀው ብዙ ነው፤ በክብር ልንናገረው ይገባል። ምስክርነት የሚጠይቀው እያንዳንዱን ነገር በየደረጃው ማስቀመጥ ነው፦ የታየውን «ታየ»፣ የተገመተውን «ይመስላል»፣ ያልታወቀውን «አልታወቀም» ማለት ነው። በመካከላቸው ያለውን ድንበር መጠበቅ ትሕትና ይባላል።

መጠየቅ የሚቻለው ባልንጀራ

ውድ አንባብያን፣ ስለ ሙታን ይህን ያህል ጥንቃቄ የምንጠይቅ ከሆነ ስለ ሕያዋንማ እንዴት ይብለጥ! በየዕለቱ ሰዎችን የምናነበው በትንንሽ ምልክቶች ነው፤ በነጠላቸው፣ በማተባቸው፣ በአነጋገራቸው፣ በስማቸው። ከዚያም በልባቸው ላይ እንፈርዳለን።

አንድ ሕፃን በእሑድ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል መጣ እንበል። በአንገቱ ላይ ከመስቀሉ አጠገብ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ይታያል። መምህሩ ሦስቱን የችኮላ ንባቦች ወዲያው ሊያነብ ይችላል፦ ቤተሰቡ በጥንቆላ ያምናል፤ ወይም ምንም ችግር የለም፣ ጸሎት ይሆናል፤ ወይም ግማሽ ክርስቲያኖች ናቸው። በልጆች ፊት «ይህን ምንድን ነው ያሠርከው?» ብሎ ቢያሳፍረው ሕፃኑ ምናልባት በሚቀጥለው እሑድ አይመለስም። የልጁን እናት ለብቻዋ አግኝቶ «እመቤቴ፣ ይህን ክታብ ማን አሠረለት?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ ግን ሌላ ታሪክ ይሰማ ይሆናል። ልጁ ታሞ ሊሞት ሲል አያቱ ያሠሩለት ሊሆን ይችላል። ያቺው አያት ማታ ማታ መቁጠሪያ የሚደግሙ ሊሆኑ ይችላሉ። እናቲቱም ልታወልቀው ፈልጋ አያቲቱን እንዳታሳዝን ፈርታ ሊሆን ይችላል። ክታቡ መታረም ያለበት ነገር ቢሆን እንኳ፣ ማረሚያው የሚጀምረው ከመስማት ነው።

ከቀለበቱ የምናገኘው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የቤተ ሰማዕቲውን ሰው ልንጠይቀው አንችልም፤ ይህ የሞት ሥራ ነው። ጎረቤታችንን ግን ልንጠይቀው እንችላለን። ሳንጠይቀው በምልክቱ ብቻ ከፈረድንበት በሕይወት ሳለ እንደ ሞተ ቆጥረነዋል።

ለመምህራንና ለወላጆች

ትምህርቱ ፍሬ እንዲኖረው ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ሕፃናትን ምስክርነት ማለማመድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ጀበና፣ ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ ልጆች ዕቃውን አይተው በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ያዩትን፣ የሚመስላቸውን፣ የማያውቁትን። ከዚያ ባለቤቱ እውነተኛውን ታሪክ ይንገራቸው። ስምንተኛው ትእዛዝ ሐሜትን ብቻ ሳይሆን ችኩል ፍርድንም እንደሚከለክል ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም አብሮ መጎብኘትም ይቻላል።

ሁለተኛው፣ የጥንት ዕቃ ከስፍራው መንቀል ምስክርን አፉን መዝጋት መሆኑን ማስረዳት ነው። የቤተ ሰማዕቲው ቀለበት በገበያ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ አንድ የወርቅ ቀለበት ብቻ በሆነ ነበር። ከባዚሊካው፣ ከመስቀሎቹና ከማኅተሞቹ ጋር በአንድ ስፍራ መገኘቱ ነው ጥቂትም ቢሆን እንዲናገር ያደረገው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ሀገራችን በተካሄደው ጦርነት ከሰው ሕይወት ጋር ቅርስም ተጎድቷል፤ የዚህ ሐዘን ትዝታ ገና ትኩስ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያስታውቅ ያዛል። በመሠረት ቁፋሮ ሥራ ላይ የተሰማሩ ምእመናን ይህን ሊያውቁት ይገባል። ያረጀ መስቀል ለመግዛት የሚያስብም ሰው ከየትኛው መቅደስ እንደ ወጣ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ጸሎት ነው። በላቲን ሥርዓት አራተኛው የቅዳሴ ጸሎት በክርስቶስ ሰላም ያረፉትን ካሰበ በኋላ እምነታቸው ለእግዚአብሔር ብቻ የታወቀላቸውን ሙታን ሁሉ ያስባል። ቤተ ክርስቲያን ስለ እነርሱ እምነት አታውጅም፤ እርሱ ያውቃል ብላ አደራ ትሰጣለች እንጂ። የቀለበቱ ባለቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ማን እንደ ነበር ሳናውቅ ልንጸልይለት እንችላለን።

በትንሣኤ የምናምን ሰዎች ነንና አንድ ቀን ከዚያ ሰው ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ያን ቀን ስለ በሬው ራስ ራሱ ይነግረናል። እስከዚያው ድረስ በስሙ የተናገርነው ሁሉ በፊቱ ልንደግመው የማናፍርበት ይሁን።